ቴስተር ያለፈው ገመድ

የኔትወርክ ሙያ ቪዲዮ በማየት ብቻ እንደማይያዝ የሚያሳምነኝ፣ ቴስተር (የገመድ መፈተሻ) ላይ ስምንቱም መብራት ተራ በተራ እየበራ ኮኔክሽኑ ግን የሚቆራረጥ ገመድ ነው።

ጀማሪ የገመድ ጫፍ እንዴት እንደሚሠራ በቴሌግራም ግሩፕ ሲጠይቅ ቶሎ የሚሰጠው መልስ «ቀለሙን ተከተል» ነው። ቲ568ቢ በሚባለው የሽቦ አሰላለፍ፣ የኮኔክተሩ (የገመዱ ጫፍ መሰኪያ) ምላስ ወደ ኋላ፣ ወርቃማ ጥርሶቹ ወደ ላይ ሆነው ከግራ ሲቆጠር፦ ነጭ ብርቱካናማ፣ ብርቱካናማ፣ ነጭ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ ቡናማ፣ ቡናማ። አረንጓዴው ጥንድ (አብረው የተጠማዘዙት አረንጓዴና ነጭ አረንጓዴ ሽቦዎች) በ3ኛና በ6ኛ ቦታ ለምን እንደተለያየ ካልተነገረው ግን፣ የእያንዳንዱን ጥንድ ሁለት ሽቦ ጎን ለጎን ያሰልፋል። ሁለቱም ጫፍ አንድ ዓይነት እስከሆነ ድረስ ርካሹ ቴስተር ያሳልፈዋል፤ የሚያየው ሽቦው ከጫፍ ጫፍ መድረሱን ብቻ ነውና። 3 እና 6 አብረው አንድ ሲግናል ይሸከማሉ። አብረው ካልተጠማዘዙ የውጭ ረብሻን የሚያጠፋው ጥምዝ ይቀራል። አጭር ገመድ ላይ ላይታወቅ ይችላል፤ ሲረዝም ፓኬት (የሚላከው መረጃ ቁራጭ) ይጠፋል፣ ፍጥነት ይወርዳል።

ስለዚህ ሆን ብሎ ማበላሸትን አጥብቄ እመክራለሁ። የቡናማውን ጥንድ ቆርጣችሁ ጊጋቢት ስዊች (ኮምፒውተሮችን በገመድ የሚያገናኝ መሣሪያ) ላይ ሰኩት፤ አብዛኛውን ጊዜ በ1000 ፋንታ በ100 ሜጋቢት ይገናኛል። 100 ሜጋቢት የሚጠቀመው 1፣ 2፣ 3 እና 6ን ብቻ ስለሆነ ነው፤ ጊጋቢት አራቱንም ጥንድ ይፈልጋል። ከዚህ በኋላ «ኢንተርኔቱ ቀዘቀዘ» የሚል ሰው ሲመጣ መጀመሪያ የሊንኩን ፍጥነት ታያላችሁ። ስትሠሩ ጥምዙን ከ13 ሚሊሜትር በላይ አትፍቱ፤ የውጭው ልባስም ኮኔክተሩ ውስጥ ገብቶ ይነከስ፣ አለበለዚያ ሲጎተት ሽቦው ይወጣል።

እርዳታ ስትጠይቁ «አይሠራም» ብቻ አትጻፉ። መጀመሪያ የራውተሩን አድራሻ፣ ቀጥሎ 8.8.8.8ን (ኢንተርኔት ላይ ያለ የጉግል አድራሻ)፣ ከዚያ የአንድ ድረ ገጽ ስም ፒንግ አድርጉና (መልስ ይሰጥ እንደሆነ በፒንግ ትእዛዝ ሞክሩና) ውጤቱን በጽሑፍ ለጥፉ። 8.8.8.8 መልሶ ስሙ ግን ወደ አይፒ አድራሻ ካልተቀየረ ጣጣው ዲኤንኤስ (ስምን ወደ አድራሻ የሚቀይረው አገልግሎት) ላይ ነው፤ ራውተሩ ራሱ ካልመለሰ ስለ ውጭው መስመር መከራከር ጊዜ ማባከን ነው። የኮምፒውተሩ አይፒ በ169.254 ከጀመረ ደግሞ ከዲኤችሲፒ (አድራሻ በራሱ ከሚያድለው አገልግሎት) አድራሻ አላገኘምና ፒንጉን ትታችሁ ገመዱን፣ የስዊቹን ፖርትና የራውተሩን ዲኤችሲፒ በየተራ ፈትሹ።