ሰውየው ከነበረበት ይሸሻል

ስዊድን ውስጥ በአንድ ዩኒቨርሲቲ የሮቦት ላብ መሐንዲስ ነኝ። ማሽኖቹን አዘጋጃለሁ፤ የሚመራመሩባቸው የዶክትሬት ተማሪዎች ናቸው። እዚህ አገር የዶክትሬት ተማሪ አብዛኛውን ጊዜ ደመወዝተኛ ስለሆነ፣ ለእኔ ባልደረቦቼ ናቸው።

በሆስፒታል ኮሪደር መድኃኒትና ናሙና የሚያመላልስ ሮቦት እየሠራን ነበር። ሦስት ተማሪዎች ተመደቡበት። አንዱ ከኮምፒውተር ሳይንስ ነው፤ ሮቦቱ በካሜራ ሰው እንዲለይ ያደርጋል። ሁለተኛዋ ከኮንትሮል ምሕንድስና ናት፤ እንቅስቃሴውን የምታዘው እሷ ናት። ሦስተኛዋ የመጣችው ከሥነ ልቦና ነው። ሰው ከሮቦት ጋር መንገድ ሲገናኝ ምን እንደሚያደርግ ታጠናለች። ወረቀት ላይ ያማረ ቡድን ነው። ግን ሦስቱም በየሕንፃቸው ነበሩ፤ የሚገናኙት ስብሰባ ላይ ብቻ ነው።

አንድ ቀን ሙከራ ላይ እያለን አንድ ባልደረባችን ቡና ይዞ ከሮቦቱ ፊት አቋረጠ። ሮቦቱ መሸሽ ሲገባው ወደ እሱ ዞረ። ቀዩን ማቆሚያ ተጫንኩት፤ ግን ጎኑን ነክቶት ነበር። እግዚአብሔር ይመስገን ጉዳት የለም፤ ቡናው ብቻ ፈሰሰ።

ከዚያ እሰጥ አገባው ተጀመረ። የኮምፒውተሩ ልጅ ግራፉን አወጣ፤ ሰውየውን የለየበት ቦታ ከሥዕሉ ጋር ልክክ ይላል። የኮንትሮሏም የራሷን አወጣች፤ ሮቦቱ ከተሰጠው መንገድ ዝንፍ አላለም። ሁለቱንም አየሁ። ሁለቱም እውነታቸውን ነው።

የሥነ ልቦናዋ ልጅ እስከዚያ ድረስ ቃል አልተነፈሰችም። ማንም አልጠየቃትማ! ለጥናቷ የቀረፀችውን ቪዲዮ ከፍታ በዝግታ አሳየችን። «ሮቦቱ ከሰውየው አይደለም የሚሸሸው። ሰውየው ከነበረበት ነው» አለች።

እውነትም ሮቦቱ ባዶ ቦታ እየሸሸ፣ ሰውየው ወደደረሰበት ይሄዳል። ኮዱን ከፈትን። ሶፍትዌሩ ውጤቱ ላይ ሰዓት የሚጽፈው ሥዕሉ ሲነሳ ሳይሆን ስሌቱ ሲያልቅ ነበር። በመሃል 300 ሚሊሰከንድ ያልፋል። በሰከንድ 1.4 ሜትር የሚራመድ ሰው በዚያች ቅጽበት 40 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሄዳል። ታዲያ እስከዚያ ለምን አልታየም? የኮምፒውተሩ ልጅ ውጤቱን የሚያመሳክረው ከራሱ ከሥዕሉ ጋር ስለሆነ መዘግየቱ አይታይም። የኮንትሮሏ ደግሞ የፈተነችው መረጃ ወዲያው በሚደርስበት ሲሙሌሽን (በኮምፒውተር ላይ በሚደረግ የማስመሰል ሙከራ) ነው። ስህተቱ ያለው በሁለቱ መሃል ነው፤ መሃሉ የማንም የጥናት ርዕስ አልነበረም።

ይህ ቀላል ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2018 አሪዞና፣ ቴምፒ ውስጥ የኡበር ኩባንያ ራሱን የሚነዳ የሙከራ መኪና ብስክሌት እየገፋች መንገድ የምታቋርጥ ሴት ገጭቶ ገደለ። የአሜሪካ የትራንስፖርት ደኅንነት መርማሪዎች እንዳረጋገጡት ሴንሰሩ 5.6 ሰከንድ ቀድሞ አይቷት ነበር። ሲስተሙ ግን አንዴ መኪና፣ አንዴ ብስክሌት እያለ ያቀያይራት ነበር። ሰው ከእግረኛ ማቋረጫ ውጭ ሊሻገር እንደሚችልም ሲሠራ አልታሰበም። ሰው መንገድ እንዴት እንደሚሻገር የሚያውቅ ባለሙያ ከኮዱ ጸሐፊ ጎን ቢቀመጥ እላለሁ።

የእኛው ጥገና ወዲያው አለቀ። የከበደው ሌላ ነው፦ ይህ ግኝት በማን የዶክትሬት ጽሑፍ ውስጥ ይግባ? አንዱ አማካሪ «ይህ ጥገና እንጂ ሳይንስ አይደለም» አሉ። ሌላዋ «መዘግየት እኮ የታወቀ ነገር ነው» አሉ። የሥነ ልቦናው አማካሪ ደግሞ መላ ምቱ የታለ ብለው ጠየቁ። ይህ አንገበገበኝ። ሦስት ሙያ አንድ ላይ አምጥተን፣ አንድ ላይ ሆነው ያገኙትን ባለቤት አሳጣነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የተጀመረው ዋስፕ የተባለው የስዊድን የሰው ሠራሽ አስተውሎት ምርምር ፕሮግራም የየዩኒቨርሲቲውን የዶክትሬት ተማሪዎች አንድ ክፍል አስቀምጦ ያስተምራል። ጥሩ ጅምር ነው፤ እኔም እደግፈዋለሁ። ግን ኮርሱ ካለቀ በኋላ ተማሪው የሚመዘነው በአንድ ሙያ ሚዛን ከሆነ፣ ወደየቢሮው ቢመለስ አይፈረድበትም።

አሁን ሦስቱም ከሮቦቱ አጠገብ ያለች አንዲት ክፍል ገብተዋል። ከሙከራ በፊት አንዱ የሌላውን ሥራ ራሱ አስነስቶ ይፈትሻል። ስለ ግኝቱም አንድ የጥናት ጽሑፍ በሦስቱም ስም ጻፉ። ሁለቱ ሴቶች ከዶክትሬት ሥራቸው እንዲቆጠርላቸው ተፈቅዷል። የኮምፒውተሩ ልጅ አልተፈቀደለትም፤ በሚቀጥለው የመምህራን ስብሰባ ላይ ጉዳዩን አነሳለታለሁ።