የአባታችን ስም በስንት ፊደል ይጻፋል?

ታናሽ እህቴ በ2017 12ኛ ክፍል ነበረች። በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ፣ የድሬዳዋ ፀሐይ በረድ ሲል፣ ሳቢያን ሰፈር ቤታችን በረንዳ ላይ ላፕቶፕ ይዘን ተቀመጥን። አሜሪካ ላሉ ኮሌጆች በኮመን አፕ፣ ማለትም በአንድ ፎርም ለብዙ ኮሌጆች በሚመለከትበት ድረ ገጽ፣ ልታመለክት ነው። በአንዱ አካውንት እስከ 20 ኮሌጅ ማመልከት ይቻላል፤ እሷ ስድስት መረጠች። የማመልከቻ ክፍያው እንዲቀርላት መጠየቂያውም እዚያው ስላለ ገንዘቡ አላስጨነቀንም።

ያስጨነቀን ስም ነው። የአባታችን ስም በ«ፀ» ይጀምራል። ፓስፖርቷ ላይ በቲ እና ኤስ፣ ትራንስክሪፕቷ ላይ በቲ ብቻ፣ የልደት ሰርተፍኬቷ ላይ ደግሞ በቲ እና ዜድ ተጽፏል። ለእኛ አንድ አባት ነው፤ ለማያውቀን ሰው ግን ሦስት ሰው ይመስላል። ለማሳረም ትምህርት ቤቷ ሦስት ቀን ተመላለስን። በዚያው የትውልድ ቀኗም ሳይቀየር በእኛ አቆጣጠር መቀመጡን አየን። ሰኔ 2 ቀን 1999 በፈረንጆቹ ጁን 9 ቀን 2007 ነው። እንዳለ ቢላክ የ17 ዓመቷ ልጅ የ25 ዓመት ሴት ልትሆን ነበር! እባካችሁ፣ ፎርሙን ከመክፈታችሁ በፊት ወረቀቶቹን ጎን ለጎን ዘርግታችሁ ፊደል በፊደል አስተያዩ።

ከማመልከቻው ጋር ስለራሷ የምትጽፈው ድርሰት ከ250 እስከ 650 ቃል ነው። መጀመሪያ «ከልጅነቴ ጀምሮ ሐኪም መሆን እመኝ ነበር» ብላ ጻፈች። ይሄ አንቺን አይመስልም አልኳት። ሁለት ቀን ዝም ብላ ቆይታ፣ በ1998 ክረምት የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ሲመጣ እማዬ ምን ይዛ እንደወጣች ጻፈች፦ እኔን በጀርባዋ፣ ወረቀቶቻችንን በፌስታል። ያኔ ቤታችን ደቻቱ ዳር ነበር፤ እህቴ ገና አልተወለደችም። የኔ የክትባት ካርድ ግን ውሃው የነካው ጠርዙ እስከ ዛሬ ቡናማ ነው። እሱን ፊቷ አስቀምጣ ነው የጻፈችው። አንብቤ ስጨርስ አለቀስኩ።

የማመልከቻው ማብቂያ ጃንዋሪ 1፣ በእኛ ታኅሣሥ 23 ነበር። ኔትወርኩን ስላላመንነው በ21 ማታ ላክነው። መብራት ሄዶ በስልኬ ዳታ ነው ያለቀው። እማዬ በሻማ አጠገባችን ቆማ «አቦ፣ በቃ ሄደ?» አለች። ሄደ አልናት። ወረቀቶቹን አንድ በአንድ ሰብስባ መልሳ ፌስታል ውስጥ ከተተችና ሁለት ጊዜ ቋጠረችው።