«አንቺ» የሚል ድርሰት

ዛሬ ያለ ምክንያት ሆድ ብሶኝ ዋለ። የሰኔ ሰማይ ነው መሰለኝ። ማታ ደግሞ መብራት ጠፋ። ሻማ ለኩሼ የዘጠነኛዎቹን ድርሰት ማረም ጀመርኩ። ርዕሱ ያው የተለመደው ነው፤ «የማልረሳው ቀን»።

አንዷ ወረቀት ላይ ስደርስ እጄ ቆመ። ከላይ እስከ ታች አንድም አራት ነጥብ የለም። ዓረፍተ ነገሩ ሲያልቅ ዝም ብላ ወደ ታች ትወርዳለች። ቀዩን እስክሪብቶ ካነሳሁ በኋላ ነው የገባኝ። ልጅቷ የጻፈችው ቴሌግራም ላይ እንደምትጽፈው ነው። እዚያ መላኪያዋን ስትነካ ሐሳቡ አለቀ፤ አራት ነጥቡ እሱ ነው።

እናቷ ጅዳ ናት። ማታ ማታ ይጻጻፋሉ።

«ያን ቀን ዝናብ ነበር
ሻንጣው አልዘጋ አለሽ
ተቀመጥሽበትና ዘጋሽው
እኔ ሳቅኩ
ከዛ አለቀስኩ»

ድርሰት ውስጥ «አንቺ» ትላለች። ከአርባ ምናምን ወረቀት ዓይኔ እንባ ያቀረረው እዚህ ላይ ብቻ ነው። ሌሎቹ መግቢያውን፣ ሐተታውን፣ መደምደሚያውን ልክ እንዳስተማርኳቸው አሟልተዋል። ግን ማንንም አያናግሩም።

እኔም ልጅ ሳለሁ ለጎረቤታችን ለእትዬ ደብዳቤ እጽፍላቸው ነበር። ልጃቸው ወታደር ነው። «ከናፍቆትህ በስተቀር ደህና ነን» ብዬ እጀምራለሁ። «ላሟ ወለደች በለው» ይሉኛል። ጽፌ ሳነብላቸው ፊታቸው ካልፈታ፣ «እንደሱ አይደለም ያልኩህ» ብለው ያስደግሙኛል። የላሟን ቀለም ረስቼ ነው። ማንበብ አይችሉም፤ ግን ከሳቸው በፊት ጽሑፌን ያረመልኝ ሰው አልነበረም።

እነዚህ ልጆች ከዘጠነኛ ጀምሮ ባዮሎጂውንም ታሪኩንም የሚማሩት በእንግሊዝኛ ነው። ፈተናውንም የሚጽፉት በሱ ነው። ይቺ ልጅ በእንግሊዝኛ ማታ የምትጽፍለት ማን አላት? ታዲያ እዚያ ወረቀት ላይ ማንን ልታናግር ነው?

ለሥርዓተ ነጥብ 2 ማርክ አለ። እስክሪብቶዬን የመጀመሪያው መስመር ጫፍ ላይ አስጠግቼ መለስኩት። አራት ነጥቡን መማር አለባት፤ ካልተማረች ነገ የምትጎዳው እሷ ናት። ግን ወረቀቷ በቀይ ተሞልቶ ሲመለስላት «አንቺ»ዋንም እንደ ስህተት ቆጥራ ብትተወውስ?