የማር ጠርሙስ፣ ክዳኑና መብራቱ

ፍኖተ ሰላም በሚገኘው የወላጆቼ ቤት ውስጥ፣ ከምግብ ጠረጴዛው በላይ፣ ሦስት የማር ጠርሙሶች ከኮርኒሱ ተንጠልጥለው ያበራሉ። ሠርቼ የሰቀልኋቸው እኔ ነኝ። ወደ ቤታችን የሚመጣ እንግዳ ሁሉ ቀና ብሎ ካያቸው በኋላ የሚጠይቀኝ ስለ ጠርሙሶቹ ነው፤ ከየት እንዳገኘኋቸው፣ ምን አድርጌ እንዳጠራኋቸው፣ ብርጭቆውን በምን እንደቆረጥሁት ለማወቅ ይፈልጋል። ስለ ክዳናቸው የጠየቀኝ ሰው ግን እስካሁን የለም። እኔ ደግሞ አንድ አምፖል ካቃጠልሁና አንድ ጠርሙስ ከሰበርሁ በኋላ የተረዳሁት፣ የዚህ መብራት ሥራ ከሞላ ጎደል ያለው ክዳኑ ላይ መሆኑን ነው።

ክዳን ሲበሳ መጀመሪያ ያየሁት በእናቴ እጅ ነው። መብራት ወደ ሰፈራችን ከመግባቱ በፊት የምናጠናው በኩራዝ ነበር፤ ኩራዙንም የምትሠራው እናቴ ነበረች። የመድኃኒት ጠርሙስ ወይም የቀለም ብልቃጥ ታጥብና ክዳኑን በምስማር ትበሳዋለች፤ ከቆርቆሮ ቁራጭ ጠቅልላ ያበጀችውን ቱቦ በቀዳዳው ታስገባለች፤ በቱቦው ውስጥ የጥጥ ክር አሳልፋ፣ ላምባ ሞልታ ትለኩሰዋለች። ከቱቦው ጎን ሁልጊዜ የመርፌ ጫፍ የምታህል ሌላ ቀዳዳ ትጨምር ነበር። ለምን እንደሆነ ስጠይቃት፣ «ልጄ፣ ኩራዝም እኮ ይተነፍሳል» ትለኝ ነበር። ላምባው በክሩ እየተሳበ ሲጎድል በቦታው አየር መግባት አለበት ማለቷ ነው። ያቺ ትንሽ ቀዳዳ ከብዙ ዓመት በኋላ ለእኔ ሥራ መፍትሔ ሆና ስለመጣች ወደ እርሷ እመለሳለሁ።

ጎጃም ውስጥ የማር ጠርሙስ አይታጣም፤ የማርማላታ ጠርሙስም ቢሆን ይሠራል። ለመብራት የሚመረጠው ጠርሙስ የብረት ክዳን ያለውና አፉ አምፖሉን የሚያስገባ መሆን አለበት። ይህ ሁለተኛው ነገር እዚህ ግባ የማይባል ቢመስልም እኔን ያሳሳተኝ እርሱ ነው። አምፖሉ አስቀድሞ ከክዳኑ ሥር ይገጠማል፤ ጠርሙሱ ደግሞ ከታች ወደ ላይ መጥቶ ክዳኑ ላይ ይጠመዘዛል፤ ስለዚህ መለካት ያለበት የጠርሙሱ ሆድ ሳይሆን የአፉ የውስጥ ስፋት ነው። እኔ ሆዱን ለክቼ 60 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለውን የተለመደውን አምፖል ገዛሁ፤ የጠርሙሱ አፍ ግን 58 ሚሊ ሜትር ሆኖ ተገኘ። በሁለት ሚሊ ሜትር ምክንያት ወደ ሱቅ ተመልሼ 45 ሚሊ ሜትር ውፍረት ባለው ትንሽ ክብ አምፖል ለመተካት ተገደድሁ። በብርሌ ለመሥራትም አስቤ ነበር፤ ቅርጹን ለተመለከተ ሰው ለመብራት የተፈጠረ ይመስላል። ነገር ግን አንገቱ ምንም ዓይነት አምፖል አያሳልፍም፤ ክዳንም የለውም።

«ብርሌ ከነቃ አይሆንም ዕቃ» የሚባለው ለማር ጠርሙስም ይሠራል። ጠርሙሱን ወደ ፀሐይ አንሥቶ በማዞር፣ በተለይም አፉ ዙሪያና ታችኛው ጠርዙ ላይ፣ ስንጥቅ መኖር አለመኖሩን ማየት ያስፈልጋል። በጥፍር ሲመታ ጥርት ያለ ድምፅ የሚሰጠው ደኅና ነው፤ ድምፁ የታፈነውን ለቅመም ማስቀመጫ መተው ይሻላል። ወረቀቱ ለብ ባለ ውኃ ውስጥ ሲያድር በቀላሉ ይላጣል፤ የሚቀረው ሙጫ ደግሞ በምግብ ዘይት ርሶ ጥቂት ከቆየ በኋላ በተነፋ አመድ ሲታሽ ይለቃል።

ስለ መቁረጥ ለሚጠይቁኝ ሰዎች መልሴ አጭር ነው፤ አልቆረጥሁም። አንድ ጊዜ የወይን ጠጅ ጠርሙስ ወገቡ ላይ ክር አስሬ፣ ክሩን በአረቄ አርሼ ለኩሼ፣ ወዲያው ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ነከርሁት። ጠርሙሱ የተሰነጠቀው ክሩ ባለበት ሳይሆን በፈለገው አቅጣጫ ነበር፤ ጠርዙም እንደ ምላጭ የሚቆርጥ ሆነ። አፈ ሰፊ ጠርሙስ መቆረጥ አለማስፈለጉ ትልቁ ጸጋው ነው ብዬ አምናለሁ።

አሁን ወደ ክዳኑ ልመለስ። የገዛሁት የአምፖል መያዣ፣ በሱቅ ሆልደር የሚባለው፣ ከጭራው 10 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ጥምዝ ቱቦ አለው፤ ይህ ቱቦ በክዳኑ መካከል አልፎ በላይ በኩል በዳዶ ይጠበቃል። የክዳኑን መካከል በአንድ ትልቅ ምስማር በኃይል መምታት ስህተት ነው፤ ክዳኑ ይጎደጉዳል፤ ዙሪያው ከተጣመመ ደግሞ ጠርሙሱን አጥብቆ መያዝ ያቅተዋል። እኔ የማደርገው ክዳኑን ደልዳላ የእንጨት ጉማጅ ላይ ደፍቼ፣ በእርሳስ 10 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ክብ ሠርቼ፣ በክቡ መስመር ውስጥ በትንሽ ምስማር ተቀራራቢ ቀዳዳዎችን መደርደር ነው። ቀዳዳዎቹ ሲገናኙ መካከሉ ራሱ ይወድቃል። የሚቀረው ጠርዝ ግን የመጋዝ ጥርስ ይመስላል። ይህን ጠርዝ በክብ ሞረድ፣ ጣቴን አስገብቼ ሳዞረው ምንም እስከማይቧጥጠኝ ድረስ እሞርደዋለሁ፤ ለአንድ ክዳን ግማሽ ሰዓት ያህል ይወስድብኛል። ጣት የሚቧጥጥ ጠርዝ የሽቦ ልባስም ይቆርጣል፤ በ220 ቮልት መስመር ላይ ደግሞ የተቆረጠ ሽቦ ከብረት ክዳን ጋር መነካካቱ የሰው ሕይወት ጉዳይ ነው። ስለዚህ ሽቦው በሚያልፍበት ላይ ከአሮጌ ከመነዳሪ የተቆረጠች የጎማ ቀለበት አደርጋለሁ።

የሰበርሁት ጠርሙስ የተሰበረው ክብደቱ ሁሉ በሽቦው ላይ ስለነበረ ነው። ሰቅዬው በሄድሁ በሦስተኛው ቀን ሽቦው ከሆልደሩ ብሎን ተነቅሎ ጠርሙሱ ጠረጴዛው ላይ ወደቀ፤ በዚያ ሰዓት በወንበሩ ላይ ማንም ባለመቀመጡ እግዚአብሔርን አመሰግናለሁ። ጎረቤታችን የኤሌክትሪክ ባለሙያ ናቸው፤ ስብርባሪውን ይዤ ሄጄ፣ «ጋሼ፣ ምኑ ላይ ነው ያጠፋሁት?» አልኋቸው። ክዳኑን ተቀብለው አገላብጠው ካዩ በኋላ፣ «ሽቦ መብራት ይሸከም እንጂ ዕቃ አይሸከምም፤ ዕቃውን ለሰንሰለት ስጠው» አሉኝ። ከዚያ በኋላ የክዳኑን ሁለት ጎን በስቼ በትናንሽ ቡሎኖች ቀጭን ሰንሰለት አሰርሁበት፤ ሽቦውም በሰንሰለቱ ዐይኖች መካከል ላላ ብሎ እንዲያልፍ አደረግሁ። የሰንሰለቱ መንጠቆ የሚገባው ከኮርኒሱ ቺፑድ ላይ ሳይሆን ቺፑዱን በያዘው የሞራሌ እንጨት ላይ ነው፤ ቺፑድ መንጠቆ አይዝም። የጠርሙሱ ክዳን ውስጥ ያሉት ጥርሶችም ሁሉም ከጠርሙሱ ጥምዝ ሥር መግባታቸውን፣ ከተጠመዘዘ በኋላ ወደ ታች ሳብ አድርጎ ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

ስለ ሽቦው ግንኙነት እኚሁ ጎረቤታችን ያስተማሩኝን ሳላሳጥር መጻፍ እፈልጋለሁ። ማብሪያ ማጥፊያውን ማጥፋት ብቻ በቂ አይደለም፤ ኃይሉን ከመነሻው የሚቆርጠው የመስመሩ ብሬከር መውረድ አለበት፤ ከወረደም በኋላ ኃይል መኖር አለመኖሩን በሚያሳየው ቴስተር ተነክቶ መስመሩ ሞቶ መገኘት አለበት። ኃይል ያለው ሽቦ የሚታሰረው በሆልደሩ ውስጥ መካከል ላይ ካለችው ምላስ ጋር ሲሆን፣ ኒውትራሉ፣ ማለትም ኃይሉ የሚመለስበት ሽቦ፣ ደግሞ አምፖሉ ከሚጠመዘዝበት ብረት ጋር ይገናኛል። ይህ ከተገለበጠም አምፖሉ ይበራል፤ ይሁን እንጂ አምፖል ስንቀይር በጣታችን ልንነካው የምንችለው ጥምዝ ብረት ኃይል የያዘ ይሆናል። ክዳኑና ሰንሰለቱ ብረት ስለሆኑ ሦስት ልብ ያለው ሽቦ ተጠቅሜ፣ ቢጫና አረንጓዴ የሆነውን የመሬት ሽቦ ከክዳኑ ጋር በቡሎን አስሬዋለሁ። ከኮርኒሱ በላይ ካለው የቤቱ መስመር ጋር የማገናኘቱን ሥራ ግን ለእርሳቸው ተውሁላቸው፤ ልምድ የሌለው ሁሉ እንዲሁ እንዲያደርግ አጥብቄ እለምናለሁ።

የተቃጠለው አምፖል ታሪክ እናቴ በኩራዙ ክዳን ላይ ትበሳት ከነበረችው ትንሽ ቀዳዳ ጋር የሚገናኘው እዚህ ላይ ነው። የመጀመሪያውን ክዳን ከሆልደሩ ቀዳዳ በስተቀር ድፍን አድርጌ ነበር የሠራሁት። የተጠቀምሁበት 9 ዋት ኤልኢዲ አምፖል ነበር፤ ኤልኢዲ አይሞቅም የሚል እምነት ስለነበረኝ አልተጨነቅሁም። አንድ ወር ሳይሞላው መብለጭለጭ ጀመረና ጠፋ፤ ስፈታው አንገቱ ላይ ያለው ነጭ ፕላስቲክ ቡና ዓይነት ቀለም ይዞ ነበር። ኤልኢዲ ከአሮጌው ባለ ክር አምፖል እጅግ ያነሰ ሙቀት ቢያወጣም፣ ያለው ሙቀት የሚጠራቀመው የኤሌክትሪክ ክፍሎቹ ባሉበት በአንገቱ ላይ ነው፤ አንገቱ ደግሞ በእኛ መብራት ውስጥ ከተዘጋው ክዳን ሥር ተወትፎ ይውላል። ባለ 60 ዋቱ ባለ ክር አምፖል ቢሆን ኖሮ ጠርሙሱንም ሆነ የሽቦውን ልባስ ያበላሽ ነበር። እናቴ አምፖሉን በእጄ ይዤ ስታየኝ ክዳኑን ተቀብላኝ፣ «ይህስ በየት በኩል ይተነፍሳል?» አለች።

ከዚያ ወዲህ በየክዳኑ ዙሪያ ስምንት ቀዳዳዎችን እበሳለሁ፤ አምፖሉንም ወደ 5 ዋት ዝቅ አድርጌዋለሁ። የቀዳዳዎቹ ስፋትም ራሱን የቻለ ትምህርት ሆነብኝ። መጀመሪያ ሰፋ አድርጌ ስበሳቸው ክረምቱ ሊገባ ሲል በጣለው በመጀመሪያው ዝናብ ማግሥት አሸኑ ብርሃኑን ተከትሎ በቀዳዳዎቹ ገባና በማለዳው የሦስቱም ጠርሙሶች ታች በክንፍ ተሞልቶ ተገኘ። አሁን ቀዳዳዎቹ ከ2 ሚሊ ሜትር አይበልጡም።

አምፖሉ 2,700 ኬልቪን የተጻፈበት ቢጫ ብርሃን ያለው ቢሆን እመርጣለሁ፤ 6,500 የተጻፈበት ነጩ አምፖል ባልተሸፈነ ጠርሙስ ውስጥ ዓይን ይወጋል። የጠርሙሱን ታች ከጠረጴዛው 75 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ አድርጌ ሰቅዬዋለሁ፤ ተቀምጠው የሚበሉ ሰዎች ሳይከለሉ ፊት ለፊት ይተያያሉ፣ አምፖሉም በቀጥታ ዓይናቸው ውስጥ አይገባም። ኩራዝ የራሱን ሥር ያጨልማል፤ የምናጠናበት ደብተር ላይ የሚያርፈው ጥላ የኩራዙ የራሱ ገላ ጥላ ነበር። የተንጠለጠለው ጠርሙስ ግን ጥላውን ወደ ላይ፣ ወደ ኮርኒሱ ይወስደዋል፤ በክዳኑ ልክ የሆነ ክብ ጥላ፣ በዙሪያው ስምንት የብርሃን ነጠብጣብ ይዞ ከላይ ይቀመጣል። ጠረጴዛው ላይ ደግሞ ከጠርሙሱ ታች ወፍራም ብርጭቆ የሚመጡ፣ ውኃ ላይ ጠጠር ሲወድቅ እንደሚታየው ያሉ ቀለበቶች ያርፋሉ።

እናቴ ጠርሙሶቹን በየበዓሉ ዋዜማ ታወርዳቸዋለች። ብሬከሩን እኔ አወርድላታለሁ፤ እርሷ ወንበር ላይ ሳትወጣ፣ ከታች ሆና በሁለት እጇ ታቅፋ ትጠመዝዛቸዋለች። የምታጥባቸውም ድሮ የፋኖስ ብርጭቆ ስታጥብ እንደነበረው፣ አስቀድማ በአመድ አሽታ፣ ከዚያ በሁለት ውኃ አለቅልቃ፣ በነጠላ ጫፍ አድርቃ ነው። ስትመልሳቸው ጥርሶቹ መያዛቸውን ወደ ታች ሳብ አድርጋ ታረጋግጣለች፤ ከዚያም ብሬከሩን እንዳነሣ በዓይኗ ታመለክተኛለች።