አንድ ዐይን የለመነው ሰው ሰፈር

ከአዲስ አበባ ተነስቼ በሴኡል በኩል ቶኪዮ ስገባ አንገቴ አልዞር ብሎ ነበር። ሌሊቱን ወንበር ላይ ተጣምሜ ነው ያደርኩት። ያረፍኩት ካትሱሺካ፣ የቶኪዮ ሐበሾች የሚበዙበት ክፍለ ከተማ ነው። የአክስቴ ልጅ እዚያ ዓመታት ኖሯል። ገና ሲያየኝ «ጋሼ፣ ካታኮሪ ይዞዎታል» አለኝ። የትከሻ መደንደን ማለት ነው። «ነገ አንማ ቤት እወስድዎታለሁ።» አንማ የጃፓን የቆየ እሽት ነው።

ከጃፓን እሽት የማውቀው ሺያትሱን ብቻ ነበር። «ሺ» ጣት፣ «አትሱ» መጫን ነው። ሺያትሱ ግን የቅርብ ጊዜ ልጅ ነው። ካስፋፉት ሰዎች ዋናው ቶኩጂሮ ናሚኮሺ፣ በልጅነቱ ቁርጥማት የያዛትን እናቱን በጣቱ እየተጫነ ያስታምም ነበር ይባላል። በ1940 እ.ኤ.አ. ቶኪዮ ላይ ትምህርት ቤት ከፈተ። አንማ ግን ከቻይና ከመጣ ከ1,000 ዓመት በላይ ሆኖታል።

በማግስቱ በእግር ሄድን። የእግረኛው መንገድ ላይ ጉብ ጉብ ያለ ቢጫ ንጣፍ ተዘርግቷል። ማየት ለተሳናቸው ሰዎች የተሠራ ነው። መጀመሪያ የተነጠፈውም እዚሁ ጃፓን፣ ኦካያማ ከተማ፣ በ1967 እ.ኤ.አ. ነው። እሱን እየረገጥን የባለሙያው ቤት ደረስን።

በር የከፈቱልን ነጭ ካፖርት የለበሱ ሽማግሌ ናቸው። ዐይናቸው አያይም። አጎንብሰው ሰላም አሉን፤ ከዚያ ጥያቄ ጀመሩ። ትኩሳት አለዎት? ደም ግፊትስ? የተሰበረ አጥንት? የአክስቴ ልጅ ያስተረጉማል። መልሴን ሰምተው እስኪጨርሱ ድረስ እጃቸውን አላሳረፉብኝም። ይሄ ደስ አለኝ።

ልብስ አይወለቅም። ቅባት የለም። በጎኔ አስተኙኝና ትከሻዬ ላይ ስስ የጥጥ ጨርቅ ጣል አደረጉ። አውራ ጣታቸው ከአንገቴ ሥር ተነስቶ ወደ ክንዴ ወረደ። አንማ ከመሀል ወደ ዳር ነው የሚሄደው። ጣታቸው አይቸኩልም። ይጫናል፣ ይቆያል፣ በቀስታ ይለቃል። አንድ ቦታ ላይ ቆመ። እኔ ምንም አልተናገርኩም፤ ትንፋሼን ብቻ ያዝኩ። «ሻንጣ የሚያንጠለጥሉት በቀኝ ነው አይደል?» አሉኝ። ካሜራዬን በቀኝ ትከሻዬ ከተሸከምኩ ስንት ዓመቴ!

አገር ቤት ወጌሻ ዘንድ ሄጄ አውቃለሁ። እዚያ ጥርስ ተነክሶ ነው። ወጌሻ የወለቀ ይመልሳል፣ የሚያሳምመውም ለዚያ ነው። እዚህ ግን የተጠየቅኩት ዝም ብዬ እንድተነፍስ ብቻ ነው። መጨረሻ ላይ መዳፋቸውን ጎድጎድ አድርገው ጀርባዬን መታ መታ አደረጉኝ። ከሩቅ የሚሰማ ከበሮ ይመስላል። እንቅልፍ ሊወስደኝ ምንም አልቀረው። ስነሳ አንገቴ ሙሉ በሙሉ ባይሆንም ዞረ።

ሻይ አቀረቡልን፤ ከዚያ ስለ ዋይቺ ሱጊያማ አወሩን። በ17ኛው ክፍለ ዘመን የኖረ ዐይነ ስውር ነው። መርፌ ሕክምና ሲማር ቶሎ አልገባው ብሎ መምህሩ አሰናበተው። ወደ ኤኖሺማ ደሴት ሄዶ ዋሻ ውስጥ ሱባኤ ገባ። እንደሚተረከው፣ ሲመለስ ድንጋይ አደናቅፎት ወደቀና አንድ ነገር ወጋው። ቢዳብሰው የተጠቀለለ ቅጠል ነው፤ ውስጡ የጥድ መርፌ። ቀጭን መርፌ በቱቦ ውስጥ አሳልፎ መውጋት ያኔ መጣለት። ቱቦው ዛሬም ይሠራበታል።

የጊዜውን ሾጉን፣ ማለትም የጃፓንን ወታደራዊ ገዢ፣ ሱናዮሺን አክሞ ሲፈወስለት «ምን ልስጥህ?» ተባለ። «አንድ ዐይን» አለ። ሾጉኑ ሂቶትሱሜ የሚባለውን ሰፈር መሬት ሰጠው። በእነሱ ቋንቋ ስሙ «አንድ ዐይን» ተብሎም ይሰማል። ሰፈሩ አሁን ሪዮጎኩ አጠገብ ነው፤ በስሙ መቅደስ ቆሞለታል።

እኔን ግን ከሾጉኑ ስጦታ ይልቅ የያዘኝ ትምህርት ቤቱ ነው። ሱጊያማ ለዐይነ ስውራን መርፌና አንማ የሚያስተምሩ ትምህርት ቤቶች ከፈተ። ከታወቀው የፓሪሱ የዐይነ ስውራን ትምህርት ቤት 100 ዓመት ያህል ይቀድማሉ። አንማ የዐይነ ስውራን ሙያ ሆነ። ድሮ ማታ ማታ ፊሽካ እየነፉ በየመንገዱ ሲያልፉ የደከመው ሰው ይጠራቸው ነበር። እኛ ዘንድ ዐይናቸው የማያይ የቅኔ መምህራን ትዝ አሉኝ። የኔታ ጆሯቸውን፣ እኚህ ሰውዬ ጣታቸውን። ዛሬ ለሙያው የመንግሥት ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ትምህርቱ ሦስት ዓመት ነው።

በነጋታው በባቡር ኤኖሺማ ወረድኩ። ድልድዩን በእግር ተሻገርኩ። ሰማዩ ላይ ጭልፊቶች ያንዣብባሉ፤ ምግብ ከእጅ ስለሚነጥቁ ተጠንቀቁ የሚል ማስታወቂያ አለ። ወደ ደሴቱ መቅደስ በሚያወጣው ደረጃ ዳር ሱጊያማን አደናቀፈው የሚባለውን ድንጋይ አገኘሁት። «የዕድል ድንጋይ» ይሉታል። ፎቶ አነሳሁ፣ ጥቂት ቆሜ አየሁት፣ ወደ ዋሻው አለፍኩ።

ከመመለሴ በፊት ሽማግሌው ጋ ለሁለተኛ ጊዜ ሄድኩ። ድንጋዩን እንዳየሁ ነገርኳቸው። ደስ አላቸው። እጃቸው አንገቴ ላይ ሆኖ ዝም አሉ፣ ከዚያ ጠየቁኝ።

«ድንጋዩ ጋ ሲቆሙ ባሕሩ ይሰማል?»

ለማስታወስ ሞከርኩ። አልመጣልኝም።