ለቤት ውስጥ እጅ መታጠቢያ ተራ ሳሙና ይበቃል

የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2016 ትሪክሎሳንን ጨምሮ 19 ንጥረ ነገሮች ያሉባቸው ጀርም ገዳይ የተባሉ የእጅና የገላ መታጠቢያዎች ለሕዝብ እንዳይሸጡ ወሰነ። አምራቾቹ ምርታቸው ከተራ ሳሙናና ውኃ የበለጠ ከበሽታ እንደሚከላከል፣ ለዘወትር አገልግሎትም አስጊ አለመሆኑን ማስረዳት አልቻሉም ነበር። ውሳኔው ለሆስፒታሎች የሚቀርቡትን ምርቶች አልነካም፤ ልዩነቱም ተገቢ ይመስለኛል።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ የትሪክሎሳን አሠራር ነው። ባክቴሪያን እንዲሁ በጅምላ የሚያፈርስ መርዝ ተደርጎ ለረጅም ጊዜ ቢታሰብም፣ እ.ኤ.አ. በ1998 የታተመ ጥናት ባክቴሪያው ለሽፋኑ የሚያስፈልገውን ቅባት የሚሠራበትን አንድ ኢንዛይም ለይቶ እንደሚያጠቃ አሳየ። አንቲባዮቲኮችም ብዙውን ጊዜ የሚሠሩት እንዲህ ነው፤ ስለዚህ የኢንዛይሙ ዘረ መል ጥቂት ከተለወጠ ባክቴሪያው ያመልጣል። በሳንባ ነቀርሳ ባክቴሪያ ውስጥ ያለው ተመሳሳይ ኢንዛይም ደግሞ ሐኪሞች ለቲቢ የሚያዙት የአይሶናያዚድ ዒላማ ነው። በቤተ ሙከራ፣ በዚህ ባክቴሪያ ዘመድ ላይ፣ ትሪክሎሳንን ለመቋቋም ያስቻለ የዘረ መል ለውጥ አይሶናያዚድንም ለመቋቋም ሲያስችል ታይቷል። ይህ ማለት ግን ትሪክሎሳን ያለበት ሳሙና በሰው ላይ መድኃኒት የተላመደ ቲቢ አስከትሏል ማለት አይደለም። ሆኖም የቲቢ ጫና ከከበደባቸው 30 አገሮች አንዷ በሆነችው ኢትዮጵያ ለምንኖር ሰዎች፣ ጥቅሙ ላልታየ ምርት ብለን ይህን ያህል መድፈር አይገባንም።

በወለልና በጠረጴዛ ማጽጃዎች ውስጥ የሚገኘው ቤንዛልኮኒየም ክሎራይድ በሌላ መንገድ ያሰጋል። ከተወለወለ በኋላ ቀጥኖ ስለሚቀር ያልሞቱት ባክቴሪያዎች ከእሱ ጋር ይኖራሉ፤ አንዳንዶቹም እንደ ፓምፕ ባሉ ፕሮቲኖቻቸው ወደ ውጭ ይተፉታል። ከእነዚህ ፓምፖች ጥቂቶቹ አንቲባዮቲክንም ያስወጣሉ፤ ዘረ መላቸውም ሰልፋ የተባሉትን አንቲባዮቲኮች ከሚያከሽፍ ዘረ መል ጋር አብሮ ከአንዱ ባክቴሪያ ወደ ሌላው ሊተላለፍ ይችላል።

አልኮልና በረኪና ግን ከእነዚህ ጋር አንድ ላይ መፈረጅ የለባቸውም፤ አልኮል ይተናል፣ በረኪናም የባክቴሪያውን ብዙ ክፍሎች በአንድ ጊዜ ስለሚያጠቃ መላመዱ ይከብዳል። ሆኖም በቆሸሸ ወለል ላይ የፈሰሰ በረኪና ኃይሉን የሚጨርሰው በቆሻሻው ላይ ነው። ስለዚህ አስቀድሞ በሳሙና ማጠብ ያስፈልጋል፤ በረኪናውም ቤት ውስጥ ተቅማጥ ወይም ትውከት ያለበት ሕመምተኛ ሲኖር፣ በመመሪያው መጠን ተበጥብጦ፣ ሕመምተኛው የተጠቀመባቸውን ዕቃዎችና መጸዳጃ ቤቱን ለማጽዳት ይዋል።