የሽጉጥ እጀታ ስመርጥ ዋልኩ

ዛሬ እዚህ ቨርጂንያ፣ አንድ የጦር መሣሪያ ሱቅ ውስጥ ለሪቮልቨሬ (ጥይት መያዣው የሚሽከረከር ሽጉጥ ነው) እጀታ ስመርጥ ዋልኩ። ሽጉጤ ስሚዝ ኤንድ ዌሰን ሞዴል 36 ነው። እ.ኤ.አ. በ1950 የወጣ፣ 5 ጥይት የሚጎርስ ትንሽ ሽጉጥ። ቀጭኑ የእንጨት እጀታው ሲያዩት ያምራል። ግን ከምላጭ መከለያው ኋላ ክፍተት ስለሚተው፣ በተኮስኩ ቁጥር መከለያው የመሀል ጣቴን አንጓ ይመታዋል። ትንሿ ጣቴም የምትይዘው የላትም።

ሻጩ መጀመሪያ ሽጉጡን ከፍቶ ባዶ መሆኑን አሳየኝ፤ እኔም አረጋገጥኩ። እንዲህ ያለ ሰው ደስ ይለኛል።

ወፍራሙ የጎማ እጀታ የመያዣውን የኋላ ብረት ስለሚሸፍን፣ ሲተኮስ መዳፍ ላይ የሚያርፈው ምት ይለዝባል። ግን ጣቴን ከምላጩ አራቀው። ለመድረስ እጄን ሳዞር አፈሙዙ ከክንዴ ጋር አልሰለፍ አለ። ለእኔ ይሄ ከምቱ የባሰ ነው። ጎማ ልብስ ይይዛል የሚሉም አሉ፤ እኔ ለዒላማ ልምምድ ብቻ ስለምጠቀምበት አላሳሰበኝም።

የወሰድኩት ጀርባው ክፍት የሆነ (የኋላ ብረቱን የማይሸፍን)፣ ከምላጭ መከለያው ኋላ ያለውን ክፍተት የሚሞላና ትንሿን ጣት የሚያሳርፍ የጎማ እጀታ ነው። የሚታሰረው በአንድ ብሎን ነው። እጃችሁ ትንሽ የሆነ፣ በተለይ እህቶቼ፣ እባካችሁ በፎቶ አትግዙ። ሄዳችሁ ጨብጡት።